መንግሥት፣ ግል ወይስ ኤንጂኦ? የጤና ባለሙያ ቀጣሪዎችን እንዴት ያወዳድር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ተማሪ እያለች ዋርድ (የተኙ ሕሙማን ክፍል) ላይ እኔ ጋ ተመድባ ነበር። አሁን ዲግሪዋን ይዛ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናዋን አልፋ ሥራ እየፈለገች ነው።

«ሲስተር፣ ሁለት ቦታ አለፍኩ። አንዱ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፣ አንዱ ግል። ግሉ በ4 ሺህ ብር ይበልጣል። ልፈርም?»

«ሰዓቱስ?» አልኳት።

«የምን ሰዓት?»

ሳቄ መጣ። እኔም በእሷ ዕድሜ ስፈርም የጠየቅኩት ደሞዙን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ጤና ጣቢያ፣ የመንግሥት ሆስፒታል፣ የግል ሆስፒታል፣ ክሊኒክ፣ አንድ የፕሮጀክት ሥራ። ለእሷ በስልክ የመለስኩላትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ነርስ ስለሆንኩ ምሳሌዎቼ ወደ ነርስ ያደላሉ። ሚድዋይፍ፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም ለሆናችሁም ስሌቱ ያው ነው።

የተቋም ስም እየጠራሁ «እዚህ ግቡ፣ እዚያ አትግቡ» አልልም። አንድ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ሕፃናት ክፍልና ድንገተኛ ክፍል ሁለት የተለያዩ ቀጣሪዎች ይመስላሉ።

በምን እንለካ?

ከስም በፊት መለኪያ ያዙ። የእኔ ስድስት ናቸው።

የመጀመሪያው በእጅ የሚገባው ብር ለስንት ሰዓት እንደሚከፈል ነው። ሁለተኛው ተረኝነቱ ነው። በወር ስንት ናይት? ሮስተሩ (የተረኝነት ሰሌዳው) መቼ ይወጣል? ሰው ሲቀር ማን ይተካል? ሦስተኛው ሥራው ምን ያስተምራል የሚለው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ የማትችሉትን ምን ትችላላችሁ? አራተኛው ደኅንነት ነው፦ ጓንት፣ ክትባት፣ መርፌ ሲወጋችሁ የሚደረገው ነገር፣ የተናደደ አስታማሚ ሲመጣ ከጎናችሁ የሚቆመው ሰው። አምስተኛው ዋስትና ነው፦ ጡረታ፣ የወሊድና የሕመም ፈቃድ፣ ውል። ስድስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ መውጫው። ለመልቀቅ ስትፈልጉ መልቀቂያና የሥራ ልምድ በስንት ቀን ይሰጣችኋል?

ስድስቱም ለሁሉም ሰው እኩል አይመዝኑም። ልጅ ያላት እናት ሁለተኛውን ታስቀድማለች። ገና የተመረቀ ሰው ሦስተኛውን ቢያስቀድም ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ደሞዙን በሰዓት አካፍሉት

የልጅቷን ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች አስተካክዬዋለሁ። ግሉ 16,000፣ መንግሥቱ 12,000 ብር ነው እንበል። ሁለቱም ያልተጣራ።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የገቢ ግብር ከ2,000 ብር በታች ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ በየእርከኑ እየጨመረ ይሄድና ከ10,000 በላይ ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። የ16,000 ብር ግብሩ 3,550 ብር ነው። ጡረታው 7 በመቶ፣ ማለትም 1,120 ብር። በእጅ የሚገባው 11,330 ይሆናል። የ12,000 ብር ግብሩ 2,250፣ ጡረታው 840 ነው። በእጅ 8,910።

አያችሁ? 4,000 የነበረው ልዩነት ገና ደጅ ሳይወጣ 2,420 ሆነ።

አሁን ሰዓቱ። የግል ቀጣሪ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በእሱ መሠረት መደበኛ ሥራ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይደርሳል። የመንግሥት መደበኛ ሰዓት 39 ነው። በወር ሲመታ 208 እና 169 ሰዓት ይሆናል። ብሩን ለሰዓቱ አካፍሉት። ግሉ በሰዓት 54 ብር ከ47 ሳንቲም፣ መንግሥቱ 52 ብር ከ72 ሳንቲም።

ልዩነቱ በሰዓት 1 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። ለዚህ ነው ልጅቷ መንገድ ላይ ቆማ እየደወለች የነበረው።

በእርግጥ ግሉ በሳምንት 40 ሰዓት ብቻ የሚያሠራ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ በሰዓት 65 ብር ገደማ ይወጣለታል፤ እኔም «ፈርሚ» ልላት እችላለሁ። ሰዓቱን ጠይቂ ያልኳት ለዚህ ነው።

ሦስት ወጥመዶችን ልጨምር።

አንደኛ፣ ውሉ ላይ «ደሞዝ ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ» የሚል ሐረግ ካያችሁ ብዕሩን አስቀምጡና ጠይቁ። በአዋጁ የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። መደበኛ ፈረቃችሁ ናይት ከሆነ ሌሊት ስለሠራችሁ ብቻ ትርፍ ሰዓት አይባልም። ትርፍ የሚባለው ከመደበኛ ሰዓታችሁ ያለፈው ነው።

ሁለተኛ፣ መሠረታዊ ደሞዙና አበሉ ለየብቻ ምን ያህል እንደሆኑ ጠይቁ። ጡረታ የሚሰላው ከመሠረታዊው ነው። «በጠቅላላው 16 ሺህ» ተብሎ መሠረታዊው 6 ሺህ ቢሆን ዛሬ ደስ ይላል። ቀጣሪው የሚከፍልላችሁ 11 በመቶ ግን ከ6 ሺው ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጡረታው እውነት ይገባል? ከደሞዝ ተቆርጦ ቢሮው የማይደርስበት ቦታ አለ። የክፍያ ወረቀት ስጡኝ በሉ።

የመንግሥት ሆስፒታል

ሥራ የለመድኩት እዚህ ነው። አሁንም አዲስ ተመራቂ ሲጠይቀኝ፣ ሌላው ነገር እኩል ከሆነ፣ መጀመሪያ እዚህ ግባ እላለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ በሽተኛው። ከጤና ጣቢያው፣ ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ፣ ከጠቅላላ ሆስፒታሉ አቅም በላይ የሆነው ሁሉ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ላይ ይመጣል። እንደ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ባሉ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች አንድ ዓመት የሠራ ነርስ ሌላ ቦታ በአምስት ዓመት የማያየውን ያያል። ጠዋት በሽተኞች ሲጎበኙ (ራውንድ ላይ) ሲኒየሩ ሐኪም ስፔሻሊቲ የሚማረውን ሬዚደንት ሲጠይቅ ጆሮውን የሰጠ ነርስ ሳይመዘገብ ይማራል።

ሌላም አለ። ነገ «ድርጅቱ ተዘጋ» አትባሉም። የደረጃ ዕድገት አለ፤ ቀርፋፋ ቢሆንም አለ። ለስፔሻሊቲም ሆነ ለማስተርስ ደሞዝ እየተከፈላችሁ የምትማሩበት ዕድል ይገኛል። ፕራይቬት ዊንግ (በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የግል ከፋይ የሚታከምበት ክፍል) ያለው ከሆነ ከሰዓት ውጭ ሠርታችሁ ድርሻ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ሌላው ጎን። የመጀመሪያ ናይቴን አልረሳውም። ለሁለት ነርስ 30 አልጋ። አንዱ አልጋ ላይ ደም መስጠት አለብኝ፤ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) የለም። አስታማሚው ወረቀት ይዞ ከግቢ ውጭ ያለ ፋርማሲ ሄደ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሲመለስ የተቆጣው በእኔ ላይ ነበር፤ «ይሄ ሆስፒታል ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ዕቃ የገዛሁት እኔ አይደለሁም፤ ፊቱ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ። የመንግሥት ሆስፒታል ድካም ከበሽተኛው ብዛት ይልቅ ይሄ ነው። የጎደለው ሁሉ በነርሷ ፊት በኩል ይወጣል።

ዲዩቲ ክፍያ፣ ማለትም ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ለሚሠራ ተረኝነት የሚከፈለው፣ ደግሞ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ሠርታችሁ፣ ተፈርሞላችሁ፣ ወር ሁለት ወር ሦስት ወር የሚቆይበት ቦታ አለ። ከመግባታችሁ በፊት እዚያ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ «የመጨረሻው ዲዩቲ መቼ ገባላችሁ?» በሉ። ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይነግራችኋል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በብዙ ከተሞች የደሞዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከማቆም የደረሱት ከዚህ ዓይነቱ ኑሮ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ደሞዝ ስለተሻሻለ የድሮ ቁጥር ይዛችሁ አታወዳድሩ። አዲሱን ስኬል ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ።

መውጫውም ቀላል አይደለም። መንግሥት ካስተማራችሁ የአገልግሎት ግዴታ አለባችሁ። ግዴታ ባይኖርም መልቀቂያ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ መዞር ያለ ነው። ሌላ ቦታ ሰኞ ጀምሪ ተብላችሁ፣ እዚህ «ማትሮኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ስብሰባ ላይ ናት» ትባላላችሁ።

ጤና ጣቢያ

በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000፣ በከተማ ለ40,000 ሕዝብ ታስቦ ነው የሚሠራው። ክትባት፣ ቅድመ ወሊድ፣ ማዋለድ፣ ቲቢ፣ የኤችአይቪ ክትትል። ሥራው ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ውስን። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) አታዩም። ለሚድዋይፍ ግን እኔ ከሆስፒታል እኩል አስቀምጠዋለሁ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ሐኪም እስኪመጣ አትጠብቂም።

ሰዓቱ ከሆስፒታል ይሻላል። ሪፖርቱ ግን ያታክታል፤ ወር መጨረሻ ላይ ግማሹ ሠራተኛ ወረቀት ሲሞላ ታገኙታላችሁ። ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የለም። ገጠር ከሆነ ቤት ይሰጣል ወይ፣ መብራትና ውሃ አለ ወይ፣ ዝውውር ከስንት ዓመት በኋላ ነው የሚሉትን ሦስቱን ሳትጠይቁ አትሂዱ። ጓደኛዬ «ሁለት ዓመት ብቻ» ተብላ ሄዳ አምስት ዓመት ቆይታለች። አሁን ግን ስለዚያ አገር ስታወራ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ሕዝቡ ይወዳታል።

የግል ሆስፒታል

መጀመሪያ ጥሩውን። ዕቃ አለ። ጓንት በካርቶን ነው፤ ሞኒተሩ ይሠራል፤ ኦክስጅን አይጠፋም። ደሞዝ በቀኑ ይገባል፤ አብዛኛው ቦታ ላይ። በአይሲዩ፣ በዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት)፣ በካት ላብ (የልብ ሥር ምርመራና ሕክምና ክፍል) መሥራት ለምትፈልጉ አንዳንድ የግል ሆስፒታሎች ጥሩ ልምድ ይሰጣሉ። አንድ ነርስ ለሁለት በሽተኛ ስትመደብ፣ «ነርሲንግ ኬር» ብለን መጽሐፍ ላይ የተማርነው ነገር እንደሚቻል ያኔ ነው የገባኝ።

አሁን የሚከብደው። እዚህ በሽተኛው ደንበኛም ነው። አስታማሚው ሻይ ዘገየብኝ ብሎ ለአስተዳደር ይከሳል፤ ቅሬታው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይመጣል። ሥራ ሲበዛ ሰው አይጨመርም፤ ያለው ይዘረጋል። «ዛሬ አንድ ሰው ቀርቷል፣ ደብል ግቢ» መባል የተለመደ ነው። በአዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ይሄን ቁጥር ያዙት፤ በትሕትና መናገርም ይቻላል።

የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበቱ ትችላላችሁ፤ እናንተም እንዲሁ መልቀቅ ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ስትለቁ 30 ቀን ቀድማችሁ ታሳውቃላችሁ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ከነደሞዙ። ስትታመሙ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። እነዚህ መብቶች ውሉ ላይ ባይጻፉም አሉ። «እኛ ጋ የወሊድ ፈቃድ ሁለት ወር ነው» የሚላችሁ ካለ የግቢ ደንብ ከአዋጅ በላይ አይደለም።

ሆስፒታል፣ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት በአዋጁ እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ከሚባሉት ውስጥ ስለሆኑ ሥራ ማቆም አድማ እንደ ሌላው ድርጅት አይፈቀድም። ቅሬታ ቢኖራችሁ መንገዱ ጠባብ መሆኑን ከወዲሁ እወቁት።

ከሁሉም በላይ፣ ኦርጅናል ዲግሪያችሁን አታስይዙ። እኔ አስይዤ አውቃለሁ። «ለማመሳከር ነው» አሉኝ። ስለቅ ዲግሪዬን ለማግኘት አራት ወር ተመላለስኩ፤ በመሃል አንድ የተሻለ ሥራ አመለጠኝ። ኮፒ ስጡ፣ ኦርጅናሉን አሳዩ፣ መልሳችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ያለዚያ አንቀጥርም ካሉ ስለ ቦታው ብዙ ነገር ነግረዋችኋል።

ክሊኒክና ፋርማሲ

ሰዓቱ ለሚመቸው ጥሩ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክረውም፤ የሚያስተምር ሰው አጠገባችሁ የለም። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ማታ ማታ ክሊኒክ እሠራ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ እንቅልፍ እየጣለኝ መርፌ መልሼ ልከድን ስል ጣቴን ወጋኝ። መክደን እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ መጣያው) ሞልቶ ነበር። በውሃና በሳሙና ታጠብኩ። የኤችአይቪ መከላከያው ቶሎ፣ ቢዘገይ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ክሊኒኩ ውስጥ መድኃኒቱም የለም፣ ማን ጋ እንደሚደወልም የሚያውቅ የለም። ዘበኛው በር ከፍቶልኝ በራሴ ታክሲ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። እዚያ ካኑላ ላይኖር ይችላል፤ ይሄ ግን ነበር። 28 ቀን ዋጥኩት። ደህና ነኝ። ክሊኒኩ ግን የታክሲውን እንኳ አልከፈለኝም፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕክምናው የአሠሪው ወጪ እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ «መርፌ ቢወጋኝ ምን ይደረጋል?» በሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይሰጣሉ ወይ በሉ። ግር የሚላቸው ከሆነ ገብቷችኋል።

ኤንጂኦና ፕሮጀክት

ደሞዙ ከሌሎቹ ይበልጣል፣ አበል አለ፣ ሥልጠና አለ፣ ላፕቶፕ አለ። ናይት የለም። ሰው ሁሉ የሚመኘው ይሄንን ነው፤ እኔም ተመኝቼ ገብቻለሁ። ሁለት ችግር አለው።

አንዱ እጅ መፍታቱ ነው። ሁለት ዓመት ሱፐርቪዥንና ሪፖርት ላይ ቆይቼ ዋርድ ስመለስ የደም ሥር ለማግኘት ሦስቴ ወጋሁ። ሽማግሌው ታካሚ «ልጄ፣ ዛሬ ነው እንዴ የጀመርሽው?» አሉኝ።

ሌላው ገንዘቡ ከሌላ አገር መምጣቱ ነው። ጥምቀትን ባከበርን ማግስት፣ ጥር 12 ቀን 2017፣ ዋሽንግተን ላይ የውጭ ዕርዳታን የሚያግድ ትዕዛዝ ተፈረመ። ብዙም ሳይቆይ ጤና ሚኒስቴር በዩኤስኤይድና በሲዲሲ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የሚሆኑ የኮንትራት ጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። ጥፋት የሠራ አልነበረም። ሥራቸውን በደንብ የሚሠሩ፣ ዕቁብ የገቡ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገቡ ሰዎች ነበሩ። ኤንጂኦ ስትገቡ ውሉ የሚያልቅበትን ቀንና ገንዘቡ ከስንት ቦታ እንደሚመጣ ጠይቁ። ከደሞዙ የተወሰነውን ደግሞ እንደሌለ ቁጠሩት።

ውጭ ለሚያስቡ

ይሄ የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው። ቢሆንም ዛሬ የምትመርጡት ቀጣሪ ያኔ ይቆጠራል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙውን ጊዜ የትምህርትና የሥራ ማስረጃችሁን ዳታፍሎው በሚባል አጣሪ ድርጅት አስመርምረው፣ ፕሮሜትሪክ በሚባል የኮምፒውተር ፈተና ፈትነው ነው የሚወስዱት። ማጣሪያው ለቀጣሪያችሁ ሲጽፍ የሚመልስ ሰው መኖር አለበት። አሜሪካ በነርስነት ለመመዝገብ ኤንክሌክስ የሚባል ፈተና አለ። እዚያ ሄደው በሲኤንኤ (በረዳት ነርስነት) ወይም በሆም ኬር (ቤት ለቤት እንክብካቤ) የሚጀምሩ ስንት የእኛ ነርሶች አሉ። የሥራ ልምድ ወረቀታችሁ ላይ የሠራችሁበት ክፍል፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ ማኅተም ይኑር። «በትጋት ሠርታለች» ብቻ የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም።

የጤና ባለሙያ ያልሆናችሁ፣ ሒሳብ፣ ካርድ ክፍል፣ አይቲ ወይም ጽዳት የምትሠሩ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይመለከታችኋል። በተለይ ጽዳት ላይ ያላችሁ የክትባቱንና የመርፌውን ጥያቄ ከነርስ እኩል ጠይቁ፤ ቆሻሻ ውስጥ ያለ መርፌ የሚወጋው እናንተን ነው።

በአጭሩ ሲታይ

| | የመንግሥት ሆስፒታል | ጤና ጣቢያ | የግል ሆስፒታል | ክሊኒክ | ኤንጂኦ |
|---|---|---|---|---|---|
| ገንዘብ | መካከለኛ፤ ዲዩቲ ሊዘገይ ይችላል | መካከለኛ | ይሻላል፤ ሰዓቱ ይታይ | በጣም ይለያያል | ከፍ ያለ |
| ሰዓትና ናይት | ከባድ | የተሻለ፤ ዘመቻ አለ | ከባድ፤ ደብል አለ | ለሚመቸው ጥሩ | የቀን፤ መስክ አለ |
| የሚያስተምረው | በጣም ብዙ | ለሚድዋይፍ ብዙ | በአይሲዩና መሰል ክፍሎች ጥሩ | ትንሽ | አስተዳደርና ሪፖርት |
| ዕቃና ደኅንነት | ዕቃ ይጎድላል | እንደ ቦታው | ጥሩ | ጠይቁ | ጥሩ |
| የሥራ ዋስትና | ጠንካራ | ጠንካራ | በአዋጁ መሠረት | ደካማ | እስከ ውሉ ማብቂያ |
| መውጫ | አዝጋሚ | አዝጋሚ | 30 ቀን | ቀላል | ቀላል |

ለማን የቱ?

ገና የተመረቃችሁ ከሆነ፣ ቤተሰብም የማይጠብቃችሁ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሰው የሚበዛበት የመንግሥት ሆስፒታል ግቡ። ብሩ ያንሳል። ግን ለሚቀጥሉት 20 ዓመታት የሚከፈላችሁ እዚያ በለመዳችሁት ሙያ ነው።

ወላጅ የምትጦሩ፣ ታናሽ የምታስተምሩ ከሆነ እዚህ ላይ ልከራከራችሁ አልችልም። የግል ሆስፒታል ግቡ። ሰዓቱን ግን ከላይ እንዳየነው አስሉት። ብዙ ሰው ቀን መንግሥት፣ ማታ ግል ይሠራል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመት በላይ አትግፉት። የዚያ መርፌ ሌሊት እኔ በሁለት ሥራ መሃል ነበርኩ።

ልጅ የወለዳችሁ ወይም ልትወልዱ ያሰባችሁ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ተመላላሽ ክፍል ምረጡ። አራት አምስት ዓመት የሠራችሁና እንግሊዝኛ መጻፍ የማይከብዳችሁ፣ ኤንጂኦ ሞክሩ፤ ሙያ ፈቃዳችሁን ግን አድሱ፣ ለእድሳቱ የሚያስፈልገውን የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና) ነጥብ ሰብስቡ። ስፔሻሊቲ የምትፈልጉ ከመንግሥት ብዙ አትራቁ።

ከመፈረማችሁ በፊት

ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። አንድ ሌሊት ይበቃል። መሠረታዊ ደሞዝ፣ የሳምንት ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት አከፋፈል፣ የሙከራ ጊዜ፣ «ሥልጠና ስለሰጠን ይሄን ያህል ዓመት ታገለግላለህ» የሚል ነገር ካለ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ በሩ ላይ ቁሙ። ሽፍት የጨረሱ ነርሶች ሲወጡ ፊታቸውን አይታችሁ አንዷን «ሲስተር፣ እዚህ እንዴት ነው?» በሏት። ታወራለች። እንኳን ጠይቀዋት።

መጨረሻ ላይ የዚህን ወር ሮስተር አሳዩኝ በሉ። ልጅቷ እንደነገርኳት ሁለቱም ቦታ ሄዳ ጠየቀች። ግሉ «ስትጀምሪ ታዪዋለሽ» አላት። መንግሥቱ ጋ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ እየሳቀች ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ወሰደቻት። በወር ስምንት ናይት። በእርሳስ ተሰርዞ የተጻፈ ስም፣ ከጎኑ «ተለዋውጠናል» የሚል ፊርማ።

«ስምንት ናይት ብዙ ነው አይደል ሲስተር?» አለችኝ።

«ብዙ ነው።»

«ቢያንስ አየሁት» አለችኝ። ሰኞ ትጀምራለች።